ካቶሊኩ ባለቤቴ

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኺ የምትባል ከተማ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት፣ በእንግዳ መቀበያው የምግብ አዳራሽ፣ ባለቤቴ ሰው ሁሉ እያየው አማተበ። ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ግራ ትከሻውን፣ ቀኝ ትከሻውን። ከዚያ እንደ ማንኛውም የራበው ሰው ዳቦውን ቆርሶ መብላት ጀመረ።

እዚያ አዳራሽ የነበርነው አብዛኞቻችን በሱዳን በኩል የመጣን ቤተ እስራኤሎች ነን። ካቶሊክ መሆኑን ብዙዎቹ ያውቃሉ። ቢሆንም እጃቸውን ከሳህን አነሱ። ምግብ የምታድለው ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከጎኔ የተቀመጡት ታላቅ ወንድሜ በጠረጴዛው ሥር ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ንገሪው እንጂ፣ እዚህ አገር ይሄ አይሆንም አሉኝ። እኔ አልነገርኩትም። ቲማቲሙን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለትና መብላቴን ቀጠልኩ። ያን ዕለት ለምን ዝም አልሽ ብለው እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ። ፈርቼ እንዳይመስላቸው። ያ ያማተበ እጅ ሱዳን ምን ሲሠራ እንደከረመ ስለማውቅ ነው።

ባለቤቴ የትግራይ ሰው ነው። የተወለደው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ካቶሊክ ከሆነ ቤተሰብ ነው። አናጢነት ሚሲዮን ተምሮ ጎንደር ከተማ መጣና በርና መስኮት እየሠራ ይኖር ነበር። እኔ ደግሞ ከመንደራችን ወጥቼ ከተማ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። የአክስቴ በር ተሰንጥቆ ሊጠግን መጣ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እሱ ግን ማጠፊያው አልተስማማኝም፣ ነገ እመለሳለሁ እያለ ሳምንት አቆየው። አክስቴ ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ እኔም ገብቶኝ ነበር።

ስንጋባ የሁለታችንም ወገን አኮረፈ። የእሱ ካህን፣ ልጆች ሲወለዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ካላመጣህ ብለው ተቆጡት። የእኔ አባት ልጄ ሞታለች ብለው ለቅሶ ተቀመጡ። በእኛ ሥርዓት ከሌላ ወገን ሰው ጋር መነካካቱ ራሱ ያረክሳል፤ የነካ ሰው ሳይታጠብ ቤት አይገባም። እኔ ደግሞ ከሌላው ወገን ጋር ጎጆ ወጣሁ። አባቴን ልጠይቅ ስሄድ ከአጥር ውጭ ቆሜ ድምፄን አሰማቸዋለሁ እንጂ ወደ ቤት አላስገቡኝም። ባለቤቴ አብሮኝ እየመጣ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። አንድም ቀን አባቴን ሲያማቸው አልሰማሁትም። ሕጋቸው ነው፣ እኔም የራሴ ሕግ አለኝ ይለኝ ነበር።

ልጆቹ ግን በእኔ ወገን እንዲያድጉ ተስማማ። ይህን እንደ ቀላል ነገር አትቁጠሩት። እምነቱን እንደ ዋዛ የያዘ ሰው ቢሆን ቀላል ነበር። እሱ ጠዋትና ማታ የሚጸልይ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ መቁጠሪያው ከኪሱ የማይለይ ሰው ነው። ልጅ በተወለደልን ቁጥር ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ተንበርክኮ ይቆይና ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። ምን ብሎ እንደጸለየ ጠይቄው አላውቅም። ቃል ሰጥቶኛል፤ ቃሉን ጠበቀ፤ ቃሉ አመመው። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ አንዱንም አልክድም።

ወገኖቼ ወደ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ብለው ወደ ሱዳን ሲነሱ እሱ ጎንደር ቀርቶ ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። ወንድሜም፣ አንተ እዚያ ምን አለህ፣ እዚሁ ቅር አሉት። እሱ ግን አገሬ ሚስቴና ልጆቼ ያሉበት ነው ብሎ መጋዙንና መላጊያውን ሸጦ ተከተለን።

ሱዳን በመጠለያው አይሁድ መሆናችን ቢታወቅ አልቆልን ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ የመንደራችንን ሰው በሙሉ ዘመዶቼ ናቸው፣ ክርስቲያኖች ነን አለ። ለማተብ የሚሆን ክር ከራሱ ጋቢ ጫፍ እየተረተረ አንገታችን ላይ አሰረልን። ማማተብ አስተማረን። ወንድሜ አማተቡ። ቄሳችን እንኳ፣ የቤተ እስራኤሉ ቄስ ማለቴ ነው፣ የሚያጠራጥር ሰው ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያማትቡ ነበር።

ከዚያ በሽታው ገባ። ሰዉ ረገፈ። በእኛ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፣ ታጥቦ ነው የሚመለሰው። በዚያ መጠለያ ተለይቶ የሚቀመጥበት ቦታ የት አለ? መታጠቢያውስ ውሃ? አንድ ጠዋት ባለቤቴ ወደ ቄሱ ሄዶ፣ እርስዎ ሕግዎን ይጠብቁ፣ ሬሳውን እኔ እሸከማለሁ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ሙታናችንን የገነዘ፣ የተሸከመ፣ ጉድጓድ የቆፈረ እሱ ነው። ቄሱ ራቅ ብለው ጸሎቱን በለሆሳስ ያደርሳሉ፣ እሱ አፈር ያለብሳል። የእኔንም አባት የቀበራቸው እሱ ነው። በሕይወት እያሉ ደጃቸውን ያላስረገጡት አማቻቸው አቅፎ ጉድጓድ አስገባቸው። ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙርልኝ ብዬው ስለነበር በፀሐይዋ አቅጣጫውን ገምቶ አዞረላቸው።

እንግዲህ በቂርያት ማላኺ አዳራሽ የታየው እጅ ይህ ነው። አቁም ልለው ነበር?

ጥቂት ወራት ቆይተን እዚያው ቂርያት ማላኺ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሰጡን። ወንድሜና ቤተሰባቸው ገዴራ ደረሳቸው። ባለቤቴ ያቭነ፣ የእንጨት በር ከሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚህ አገር እሁድ የሳምንቱ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ነው። እሱ ደግሞ እሁድ ማለዳ ራምላ ወርዶ ያስቀድሳል፤ ቅዳሴው በአረብኛ ነው፣ ሱዳን በለቃቀማት አረብኛ ይከታተላል። ለፋብሪካው ኃላፊ፣ ከሞሮኮ ለመጣ ሽማግሌ፣ ዓርብን እስከ መጨረሻው ልሥራ፣ እሁድን ተወኝ አለው። ኃላፊው እሁድ የማይመጣ ሠራተኛ አያስፈልገኝም አለ። እሁድ ቀረ። ሰኞ ሲሄድ ከበሩ መለሱት። ማክሰኞም ሄደ፣ መለሱት። እኔ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ እንጂ ስለው፣ አላባረረኝም፣ ግባ አላለኝም እንጂ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከአውቶቡስ እየወረደ ከፋብሪካው በር ላይ ምሳውን በፌስታል ይዞ ቆመ።

በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወጣና እሁድ እሁድ የት ነው የምትሄደው አለው። ባለቤቴ ባለችው ትንሽ ዕብራይስጥ፣ ልጸልይ ነው የምሄደው አለ። ሰውዬው ምሳ የያዘበትን ፌስታል አየና፣ የእኔም አባት በሰው አገር ሰንበት አልሠራም ብሎ ከሥራ ተባርሯል፣ ያላ፣ በል ግባ አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሁድ የእሱ ሆነ።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰንበት ነበር። ቅዳሜ የእኔና የልጆቹ፣ እሁድ የእሱ። የእኔን ሰንበት ከእኔ በላይ ይጠነቀቅለታል። ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ምድጃውንም መብራቱንም ዞሮ ያያል፤ ሰንበት ከገባ ክብሪት አይነካም፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ እንኳ አይጠግንም። ልጆቹ ሲያጠፉ የሚቆጣቸው በኦሪት እንጂ በወንጌል አልነበረም። አንድ ቀን ትልቋ ልጃችን ከትምህርት ቤት ኩርፍ ብላ ገባችና ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ አንተ ጎይ ነህ ይሉኛል። እውነት ነው?»

አይሁድ ያልሆነ ሰው ማለቷ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ነገር ያለዛዝብ ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ ከፊቷ ጋር ተስተካከለና፣

«አዎ፣ እውነት ነው። እናትሽ አይሁድ ናት፣ አንቺም አይሁድ ነሽ። እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ አባትሽም ነኝ። ነገ ከጠየቁሽ ቀጥ ብለሽ እንደዚሁ ንገሪያቸው» አላት።

በነጋታው ነገረቻቸው። ያለቀሰችበት ቀንም ነበር፣ አልዋሽም። የተደባደበችበት ቀንም ነበር። አባቷን ግን ደብቃ አታውቅም።

በዚያው ዓመት፣ የዚህ አገር ብርድና ዝናብ አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር፣ በሚያዝያ፣ ወንድሜ ከገዴራ አንድ ሰው አስከትለው መጡ። ሰውዬው ነገሩን በአጭሩ የሚያስጨርስ ነው አሉን። ባለቤቴ ጥቂት ወር ይማራል፣ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል፣ አይሁድ ሆኖ ይወጣል። ወንድሜን ችኩል ያደረጋቸውም የሴት ልጃቸው ሠርግ ነው። ሙሽራው የያቭነ ልጅ ነው። የሙሽራው ዘመዶች፣ ከእነሱ ዘንድ ክርስቲያን አለ እያሉ ማውራት ጀምረዋል።

ወንድሜን አባቴ በአኮረፉኝ ዘመን እንደ አባት የደገፉኝ እሳቸው ስለሆኑ አንቱ ነው የምላቸው። ባለቤቴም ያከብራቸዋል። እስኪጨርሱ ድረስ ሰማቸው።

«ጋሼ፣ የማላምነውን አምናለሁ ብዬ እግዜር ፊት ልቁም? እንደዚያ ያለ ሰው እህትዎን እንዲያኖራት ይፈልጋሉ?»

«ሱዳን ሁላችን ክርስቲያን ነን ብለን አልነበረም ወይ?» አሉት ወንድሜ። «አንተው አይደለህ ያስተማርከን?»

«እዚያ ሊገድሉን ነበር። እዚህ ማን ሊገድለኝ ነው?»

ወንድሜ ያስከተሉት ሰውዬ ቦርሳውን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወንድሜ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ እንግዲያው ለሠርጉ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፣ እሱ ይቅር አሉኝ። በሕይወቴ ለወንድሜ እንቢ ብያቸው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን እንቢ አልኳቸው። እሱ ካልመጣ እኔም የለሁም፣ ልጆቹም የሉም፣ ሰው ከጠየቀዎት እህቴ ባሌን አልደብቅም ብላ ቀረች ይበሉት አልኩ። በሩን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ባለቤቴ፣ ታላቅሽ ናቸው እኮ ብሎ ተቆጣኝ። ለእሱ ተሟግቼ እሱው ተቆጣኝ!

ከዚያ እስከ መስከረም፣ እስከ አይሁድ በዓላት ሰሞን ድረስ ወንድሜና እኔ አልተነጋገርንም።

በዓላቱ ሲቃረቡ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ ናቸው፤ ከገዴራ በሁለት አውቶቡስ መጥተው ደረጃውን ሲወጡ ላብ አጥምቋቸዋል። ውሃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም። ልጃቸውን ለጋብቻ ሊያስመዘግቡ ሄደው፣ ከረባኖቹ፣ ከአገሩ የአይሁድ ሃይማኖት አለቆች በኩል፣ እናንተ የኢትዮጵያዎቹ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ካልጠለቃችሁ አናጋባም ተባሉ። አይሁድነታችሁ እንዲረጋገጥ ነው አሏቸው። እኔን? አሉ ወንድሜ፤ አባቶቼ በዚህ ሃይማኖት ሲሞቱ ኖረው እኔን እንደገና አይሁድ ሊያደርጉኝ? እንደ ክርስቲያን ሊያጠምቁኝ?

አልቸኮልኩም። ብርጭቆውን ደግሜ ወደ እጃቸው አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ያቃጠለዎት ነገር እኮ በሚያዝያ ከዚሁ ቤት ተቀምጠው ባሌን የጠየቁት ነው» አልኳቸው። «ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው ብለውት ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅሁም፣ አላሉምም። ውሃውን ግን ጠጡ። ባለቤቴ ከያቭነ ገብቶ በሩ ላይ ሲያዩት ከወንበራቸው ብድግ አሉለት። ታላቅ ሆነው ተነሱለት።

ነገሩ የወንድሜ ብቻ አልነበረም። በየከተማው ያለው ወገናችን ተቆጥቶ ኢየሩሳሌም በረባኖቹ ቢሮ ፊት ለፊት ለተቃውሞ ተቀመጠ። ሽማግሌው፣ አራስዋ፣ ከወታደር ቤት በፈቃድ የመጣው ልጅ፣ ሁሉም አስፋልት ላይ። እኔ ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ወንድሜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው እዚያው ናቸው። ፀሐዩ ያነድዳል፤ ሰው ግን ከኢትዮጵያ እስከ ሱዳን በእግሩ የመጣ ነው፣ በፀሐይ የሚነሳ አልነበረም።

እሁድ ባለቤቴ ራምላ አስቀድሶ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው ብርቱካን ተሸክሟል። አደለና ከሰዉ ዳር ተቀመጠ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ፣ ገና ጎረምሳ ነው፣ ማን መሆኑን ሰው ነግሮት መጣ። በትህትና ነው ያናገረው፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። ጋዜጠኞች ይመጣሉ፣ መሀላችሁ ክርስቲያን አለ ካሉን ጉዳያችን ይበላሻል፣ ስለዚህ ብትሄድልን አለው።

ባለቤቴ አልተነሳም።

«ሚስቴንና ልጆቼን አይሁድ አይደላችሁም እያሏቸው ነው» አለው። «እኔ እሷን አይሁድ ናት ብዬ ነው ያገባሁ፣ ልጆቹንም አይሁድ ናቸው ብዬ ነው ያሳደግሁ። ከእኔ የተሻለ ምስክር ከየት ልታመጣ ነው? ጋዜጠኛው ይምጣና ይጠይቀኝ።»

በዚህ መሀል ወንድሜ ከፊት ረድፍ ተነስተው ሰዉን እየረገጡ መጡ። ከባለቤቴ አጠገብ፣ ትከሻቸው ከትከሻው ተነካክቶ፣ ቁጭ አሉ። በልጅነታቸው የሌላ ወገን ሰው ጥላ ሲነካቸው ወደ ወንዝ ይሮጡ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ አባቴን የቀበረልኝ ይሄ ሰው ነው» አሉት ለጎረምሳው። «እሱን የምታስነሳ ከሆነ እኔንም አስነሳኝ።»

ጎረምሳው ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ብሎ ሄደ። ጋዜጠኛም መጣ፣ ፎቶ አነሳ፣ ባለቤቴን ማንም ምንም ሳይጠይቀው ቀረ። እስኪመሽ ተቀመጥን። ሥራ በማይገባበት ቀን ሁሉ መጣ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ያቭነ ነው።

የወንድሜ ልጅ ውሃ ውስጥ ሳትጠልቅ ነው ያገባችው። ገዴራ፣ ከሕንጻው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ቄሳችን ራሳቸው እንደ አባቶቻችን ሥርዓት አጋቧት። የረባኖች ወረቀት አልነበራትም። ወንድሜ፣ ወረቀቱን ሲፈልጉ ያምጡት፣ ልጄ ግን ዛሬ ታገባለች ብለው ነው የደገሱት። ባለቤቴ ፋብሪካው ከሰጠው የተረፈ እንጨት ለሙሽሮቹ አልጋ ሠርቶ በጭነት መኪና ይዞላቸው መጣ። ወንድሜ እጁን ይዘው ወስደው ከጎናቸው አስቀመጡት።

ሁሉም ደስ አላለውም። ከሙሽራው ዘመዶች አንዳንዶቹ እንጀራውን ሳይቆርሱ ተነስተው ወጡ። ወንድሜ ሲወጡ አዩዋቸው፤ ተመለሱ አላሉም። የእነሱን ድርሻ ለልጆች አድሉት ብለው አስተናጋጆቹን አዘዙ። ባለቤቴ ሊነሳ ሲል እኔ በትከሻው ያዝኩት። ወዲያው ከበሮው ተመታና ትልቋ ልጄ አባቷን ጎትታ ወደ መሀል አስገባችው። እስክስታ አይችልበትም። ከትግራይ ይዞት የመጣውን ዞር ዞር የሚል ጭፈራ በጎንደር ከበሮ ጨፈረው፤ ሰው በሳቅ ሞተ፤ እሱም ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ያቭነ እየተመላለሰ በር ሠራ፣ ልጆቹን ዳረ፣ ወንዱ ልጃችን ወታደር ሲሆን ለመሐላው ከፊት ቆሞ አጨበጨበ። የመኖሪያ ፈቃዱን በየጊዜው እየተሰለፈ ያሳድሳል፤ ለምን ወደ ሃይማኖታችን አትገባም ብለው በጠየቁት ቁጥር አመሰግናለሁ፣ እንደዚሁ ደህና ነኝ ይላቸዋል። ሊሞት ሲል ቄስ ከራምላ መጥተው የቀንዲል ዘይት ቀቡት። የተቀበረውም እዚያው በክርስቲያኖች መቃብር ነው። አብረን እንደማንቀበር አውቃለሁ። አብረን ኖረናል፤ ያንን ማንም አይወስድብኝም።

ለተዝካሩ ቂርያት ማላኺ ባለው አዳራሻችን ሰው ሞላ። አንድ የተማረ ሰው ተነስቶ በጎ በጎውን ሁሉ ተናገረ፤ ስለ ሱዳኑ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰንበት አክባሪነቱ። ሲጨርስ፣ ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ምንም ቢሆን በልቡ አይሁድ ነበር አለ። ሰው ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ሊያከብረው ብሎ ነው። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው።

እኔ ተነሳሁ። በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም፤ ድምፄ ግን አልከዳኝም።

«አይደለም» አልኩ። «በልቡም በአፉም ካቶሊክ ነበር። እዚህ አገር ሁሉ ተው ሲለው አልተወም፤ እናንተ ስለወደዳችሁት ዛሬ አታስተዉት።»

የተማረው ሰውዬ አንገቱን ደፋ። ወንድሜ፣ አርጅተዋል፣ በከዘራቸው ወለሉን መታ አድርገው፣ ትክክል ብላለች፣ እንዲያውም እኔ ልነሳ ነበር አሉ። ልጆቼ ምግቡን ማቅረብ ጀመሩ፣ ሰዉም እጁን ሊታጠብ ተነሳ።